የሠርግ ጥሪያችን ከየት መጣ?

ባለፈው ኅዳር አንዲት አባላችን ልጇን ልትድር ብላ ብድር ለመጠየቅ ወደ ማኅበራችን መጣች። እንደ ደንባችን የወጪዋን ዝርዝር አብረናት ጻፍን፤ በሬ፣ ጤፍ፣ ቅቤ፣ በርበሬ፣ ጌሾ፣ ድንኳን፣ የሙሽራዋ ልብስ። ከዝርዝሩ ታች «የጥሪ ካርድ 300» የሚል መስመር ነበረ። ዋጋው ከአንድ ደህና በግ ይበልጣል። ሒሳብ የምንይዝ ሰዎች ዓይናችን እንዲህ ያለ መስመር ላይ መቆሙ አይቀርምና «ይህ ባይኖርስ?» አልናት። አብራት የመጣችው ሙሽራዋ ፈጥና «እኔም እንደዚያው ነው ያልኩት፤ በቴሌግራም ይላካል፣ ወረቀቱም አይባክንም» አለች። የእናትየው ዕንባ ግን መጣ። «ደባርቅ ያሉትን የአባትሽን እኅት በስልክ ልጥራቸው? ከዚያ በኋላ በየት በኩል ዓይናቸውን አየዋለሁ?»

ያን ቀን የብድሩን ነገር ሳንጨርስ ተለያየን። በቀጣዩ ስብሰባ ጉዳዩን ስናነሣ ግማሾቻችን ከልጅቱ፣ ግማሾቻችን ከእናትየው ሆንን፤ ቡናው ሦስተኛው ደርሶም አልተስማማንም። በመጨረሻ ሁላችንም በየቤታችን ያስቀመጥነውን የድሮ የጥሪ ካርድ እንድናመጣ፣ ታላላቆቻችን ደግሞ በእነርሱ ጊዜ ሰው ለሠርግ እንዴት ይጠራ እንደነበር እንዲነግሩን ተባባልን። ይህ ጽሑፍ የወጣው ከዚያ ነው።

ከቤተ መንግሥቱ እንጀምር፤ ጎንደሬ ታሪክ ሲያወራ ከፋሲል ግንብ ካልጀመረ ያወራ አይመስለውም። አፄ ፋሲል ከተማዋን በ1628 ዓ.ም. ገደማ ከቈረቈሩ በኋላ ግቢው ለሁለት መቶ ዓመት ያህል የነገሥታት መቀመጫና የግብር ቤት ነበር። ለዚያ ግብር የጥሪ ወረቀት የያዘ ሰው አልነበረም። የተጠራውን ካልተጠራው የሚለየው አጋፋሪው ነው። አጋፋሪ በር ላይ ቆሞ ማን እንደሚገባ፣ ማን መጀመሪያ እንደሚበላ፣ ማን ከማን በላይ እንደሚቀመጥ በቃሉ የሚያውቅ ሹም ነበር። የጥሪው ካርድ የሰውየው ፊት ነበር ማለት ይቻላል። ሕዝብ ሁሉ እንዲያውቀው የሚፈለግ ነገር ደግሞ ነጋሪት ተጐስሞ ይታወጃል።

በእቴጌ ምንትዋብ ዘመን የቤተ መንግሥቱ ጋብቻ የአገር ጉዳይ ነበር። ልጃቸው አፄ ኢያሱ ከየጁ የመጣችውን ውቢትን አገቡ፤ ልጃቸው ወይዘሮ አስቴር ደግሞ የራስ ሚካኤል ስሑል ሚስት ሆኑ። እንዲህ ባለው ጋብቻ ላይ መጠራትና አለመጠራት ወዳጅና ጠላት የሚለይበት ነገር ነበር። ዛሬም ቢሆን በየሰፈራችን ከዚህ ብዙም አልራቅንም።

ያኔ መጻፊያው ብራና ነው። የፍየል ወይም የበግ ቆዳ ተዘፍዝፎ፣ በእንጨት ላይ ተወጥሮ፣ ተፍቆ፣ ደርቆ ነው ለጽሕፈት የሚደርሰው። ለአንድ ወፍራም መጽሐፍ ብዙ ፍየል ይታረዳል። ቀለሙም በቤት የሚዘጋጅ ነው፤ ጥቁሩ ከጥላሸት ይሠራል። ስለዚህ በብራና ላይ የሚጻፈው ቅዱስ መጽሐፍ ነው፤ ርስት ሲሸጥ ወይም ሲሰጥ ደግሞ ውሉ ከነምስክሮቹ በቤተ ክርስቲያኑ መጽሐፍ ባዶ ገጽ ወይም ህዳግ ላይ ይሰፍራል። የጎንደር ሰው ለልጅ ልጅ የሚተርፈውን ይጽፋል፣ ለአንድ ቀን የሚሆነውን በአፍ ይናገራል። የሠርግ ጥሪ ደግሞ የአንድ ቀን ነገር ነው። ይህንን ስናስብ ለአንድ ቀን ጥሪ በፕላስቲክ የተለበጠ፣ መቶ ዓመት የማይበሰብስ ካርድ ማተማችን ትንሽ አስገረመን።

አሁን ወደ ደጋው እንውጣ። ከጎንደር ወደ ሰሜን በአምባ ጊዮርጊስ፣ በዳባት አድርጎ ደባርቅ ድረስ ወደ 100 ኪሎ ሜትር ነው። ከማኅበራችን እናቶች መካከል በወገራና በዳባት ገጠር ተወልደው ያደጉ አሉ፤ የጠሪውን ነገር በደንብ የነገሩን እነርሱ ናቸው።

ጠሪው ብዙ ጊዜ የቤቱ ጎረምሳ ወይም የሙሽራው ወንድም ነው። ምላሱ የተቃና፣ እግሩ የማይሰንፍ፣ የዘመዱን ቤት አንድም ሳይዘል የሚያውቅ መሆን አለበት። ከጠላቱም ከምግቡም በየቤቱ ይቀምሳልና ሆዱም ቢሰፋ ይመረጣል ብለው ሳቁብን። ከደጅ ቆሞ «ቤቶች!» ይላል። ሲገባ አይቸኩልም፤ ስለ ከብቱ፣ ስለ ገብሱ፣ ስለ ሕመምተኛው ይጠይቃል። ከዚያ ተነሥቶ ነው መልእክቱን የሚናገረው፤ «አባቴ ልጃቸውን ይድራሉ፤ ለአስተርእዮ ማርያም ማግስት፣ ከነቤተሰብዎ እንዳይቀሩ ብለዋል»። ቀኑ በቁጥር አይነገርም። የጥር ሥላሴ፣ ቃና ዘገሊላ፣ አስተርእዮ ማርያም፣ ጥር ጊዮርጊስ እያሉ ነው የሚቈጥሩት፤ ማንበብ የማይችል ሰውም ቀኑን አይስትም። ሠርጉ ራሱ በጾም መካከል ነው የሚገባው፤ ከገና ወዲህ ዐቢይ ጾም እስኪያዝ፣ ከዚያም ከፋሲካ ወዲያ። ግንቦት ደግሞ ለሠርግ አይወደድም።

ሩቅ ላለ ዘመድ ጥሪው በገበያ ቀን ይላካል። ቅዳሜ ገበያ የመጣ የአገር ሰው ይፈለግና «ለእገሌ እንዲህ በልልኝ» ይባላል። በማኅበር ወይም በሰንበቴ ላይም ይነገራል። እንዲህ በሰው በሰው የተላከ ጥሪ ግን ደረጃው ዝቅ ይላል፤ ለአማት ወንድም ወይም ለክርስትና አባት አይሆንም። ለእነርሱ እግር ይሄዳል። ሙስሊም አባሎቻችንም ስለ ኒካሕ የነገሩን ከዚህ አይለይም፤ ለታላላቆች ቤት ድረስ መሄድ ነው ክብሩ።

አንድ ነገር ግን እናቶቻችን ሳይጠየቁ አወጡት። የሚጠራ ሰው አብሮ ይቈጠራል። ተጠሪው ባዶ እጁን አይመጣም፤ እንጀራ፣ ጠላ ወይም ገንዘብ ይዞ ይመጣል፣ ያመጣውም ይታወሳል። ኋላ ፊደል የቈጠረ ልጅ ሲገኝ በደብተር መመዝገብ ተጀመረ፤ እገሌ ይህን ያህል፣ እገሊት ይህን ያህል። ብድር በምድር ነውና የእነርሱ ልጅ ሲዳር በዚያው መጠን ይመለሳል። እንግዲህ በገጠሩ ሠርግ መጀመሪያ የገባው ወረቀት የጥሪ ካርድ አይደለም፣ የሒሳብ ደብተር ነው። ይህን ስንሰማ እኛ የሒሳብ ሰዎች ደስ እንዳለን አንደብቅም።

ወረቀት ከውጭ የመጣ ዕቃ ነው። አፄ ቴዎድሮስ በ1855 ዓ.ም. ለንግሥት ቪክቶሪያ ደብዳቤ ልከው መልስ በማጣታቸው እንደ ንቀት ቈጠሩት፤ የእንግሊዙን ቆንስል አሠሩ፤ ነገሩ እየከረረ ሄዶ በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ አለቀ። ስለ ሠርግ እያወራን ቴዎድሮስን ማንሣታችን የሚያስቅ ከሆነ ይቅርታ፤ ግን ደባርቅ ላሉት አክስት በስልክ መልእክት መላክን የፈራችው አባላችን የምትፈራው ይህንኑ ነገር ነው። መልእክቱ የተላከበት መንገድ ራሱ መልእክት ነው፤ አለመመለሱም እንደዚሁ።

ዐፄ ምኒልክ ፖስታን በ1886 ዓ.ም. ጀመሩ። አልጋ ወራሽ ተፈሪ ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤትን በ1914 ዓ.ም. በአዲስ አበባ አቋቋሙ። ኢንጂነር አያና ብሩ የአማርኛውን የጽሕፈት መኪና ሠሩ። በጣሊያን ወረራ ዓመታት ጎንደር ፒያሳዋን፣ ፖስታ ቤቷን፣ ሲኒማዋን አገኘች። ታትሞ፣ ፖስታ ውስጥ ገብቶ፣ ቴምብር ተለጥፎበት የሚሄድ የሠርግ ጥሪ እንዲኖር የሚያስፈልገው ሁሉ የተሟላው በእነዚህ ዓመታት ነው። መጀመሪያ የያዙትም በከተማ ደመወዝ የሚበሉት ናቸው፤ አስተማሪው፣ ጸሐፊው፣ የጤና ባለሙያው። ካርድ ማሳተም ማለት «ተምረናል፣ ከተሜ ሆነናል» ማለት ነበር።

አባሎቻችን ካመጧቸው ካርዶች አሮጌው በ1960ዎቹ መጀመሪያ የተጋባ የአንድ አስተማሪ ነው። ካርድ እንበለው እንጂ በጽሕፈት መኪና ተመትቶ በስቴንስል የተባዛ ግማሽ ገጽ ነው። ጌጥ የለውም፤ በዳሩ ላይ በእጅ የተሰመረ መስመር ብቻ አለ። ጀርባው ላይ ልጆች የማባዛት ሒሳብ ሠርተውበታል። ቀጥሎ ያለው የደርግ ጊዜ ነው፤ «ለጓድ» ይልና ባዶ ቦታ ይተዋል፤ ወረቀቱ ስስ፣ ቀለሙ የደበዘዘ። ከዚያ በኋላ የመጡት እየወፈሩ ይሄዳሉ። ቀለበት፣ ርግብ፣ ጽጌረዳ ይመጣል። ከ1990ዎቹ ወዲህ በኮምፒዩተር የተሠሩት ይበዛሉ፤ በቅርቡ የታተሙት የሙሽሮቹ ፎቶ፣ የወርቅ ቀለም ያለው ፊደል፣ ሪባን፣ የሚረግፍ ብልጭልጭ አላቸው። አንዱ ሲከፈት ሙዚቃ ይጫወት ነበር አሉ፤ ባትሪው አልቆ ዝም ብሏል።

በመካከል መሠረተ ትምህርት አለ። ዘመቻው በ1971 ዓ.ም. ሲጀመር በደጋው አብዛኛው እናት ፊደል አይለይም ነበር። አንዲት አባላችን ስትነግረን፣ በልጅነቷ ከጎንደር የሠርግ ካርድ ሲመጣ መንደሩ ውስጥ የምታነበው እርሷ ነበረች። እያነበበች ሳለ አያቷ «ስሜ የቱ ጋ ነው?» ብለው ይጠይቋታል፤ ጣቷን ስታሳያቸው በአውራ ጣታቸው ይዳስሱታል። ካርዱ ከዚያ በኋላ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል፣ ለዓመታትም አይነሣም። ስለዚህ ካርድን እንዲሁ የከተሜ ትርፍ ነገር ነው ብለን ማጣጣል ከበደን። ስማቸው በወረቀት ላይ ተጽፎ አይተው ለማያውቁ ሴቶች ያ ወረቀት ትልቅ ነገር ነበር።

የድሮው ወረቀት ሌላም ጥቅም ነበረው። ሲያልቅበት ቆሎ ይጠቀለልበታል፣ ከሰል ይያያዝበታል፣ የደብተር ልባስ ይሆናል። የዛሬውን ግን ምድጃ ውስጥ ስንከተው ይጨማተራል፣ ይሸታል፤ ላዩ በስስ ፕላስቲክ ተለብጧልና። ከተጣለም አይበሰብስም። ወረቀቱና ፕላስቲኩ ስለተጣበቁ መልሶ ለመጠቀምም ያስቸግራል። አገራችን በ1999 ዓ.ም. ባወጣችው የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ውፍረታቸው ከ0.03 ሚሊ ሜትር የማይበልጥ ፌስታሎች እንዳይመረቱና እንዳይገቡ ደንግጋ ነበር፤ ፌስታሉን ሁላችንም እናማዋለን፣ ካርዱን ግን በሪባን አስረን እንስማለን።

ሒሳቡን ደግሞ ሠራነው። አንዱን ዘመናዊ ካርድ ከነፖስታው በወርቅ ሚዛን አስመዘንን፤ 15 ግራም ሆነ። 300 ካርድ አራት ኪሎ ተኩል ማለት ነው። እውነቱን እንናገር፤ ይህ ለአንድ ሠርግ ከሚነደው እንጨት አጠገብ ምንም አይደለም። ለእንጀራው፣ ለወጡ፣ ለጠላው የሚሄደው እንጨት በአህያ ጭነት ነው የሚቈጠረው። የድሮው ሠርግ ወረቀት አልነበረውም ብለን ስናወድሰውም ዳሱን መርሳት የለብንም። ዳስ በእንጨት ቆሞ በቅጠል ነው የሚለበሰው፤ ለሁለት ሦስት ቀን ጥላ ብዙ ቅርንጫፍ ይመለመላል። በሰሜን ተራሮች ዙሪያ የሚኖር ሰው ይህን ያውቃል። ፓርኩ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ከተመዘገበ ወዲህ፣ እርሻው፣ ግጦሹና ሰፈራው ዋልያውንና የአስታውን ደን እያጣበበ በመምጣቱ እ.ኤ.አ. ከ1996 እስከ 2017 አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች ዝርዝር ውስጥ ነበረ። ከእኛ አንዷ እንዳለችው፣ ለአካባቢ ካሰብን ከካርዱ በፊት ምድጃውን ማየት ነበረብን። ልክ ናት፤ ስለ ማገዶ ቆጣቢ ምድጃ በሚቀጥለው እትም እንመለሳለን። ካርዱ ግን ለመተው ቀላሉ ነው፤ ሳይበላ፣ ሳይለበስ፣ በብድር ገንዘብ ተገዝቶ የሚጣል ነው።

ስለ ስልኩም እንዲሁ። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ሲመጣ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብን ከለከለ፤ ሠርግ ሁሉ ተላለፈ፣ የተላለፈበትም ቀን በስልክ ተነገረ። ከዚያ ወዲህ በቴሌግራም መጥራት እንደ ነውር መታየቱ እየቀነሰ መጣ። እስራኤልና አሜሪካ ላሉ ዘመዶቻችንማ ሌላ መንገድ የለም። ነገር ግን በነሐሴ 2015 ዓ.ም. በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ ለብዙ ወራት አልተመለሰም። በቀጣዩ ጥር ልጅ የዳሩ አባሎቻችን ወደ አያቶቻቸው መንገድ ነው የተመለሱት፤ ጎረምሳ ልከው፣ በገበያተኛ አስነግረው፣ በዕድር ስብሰባ ላይ ተናግረው። ሰው አልጐደለባቸውም። ለነገሩ ለቀብር ካርድ አትመን አናውቅም፤ የዕድሩ ጡሩምባ በማለዳ ሲነፋ ሰፈሩ በሙሉ ይወጣል።

በስብሰባችን ብዙ ሐሳብ ተነሣ። በውጭ አገር የአበባ ዘር የተቀበረበት፣ ሲተከል የሚበቅል የጥሪ ወረቀት እንዳለ አንዷ አነበበች። ሌላዋ ከካርድ ይልቅ የወይራ ወይም የኮሶ ችግኝ እንስጥ አለች። ሁላችንም ወደድነው፤ አንዲት የወገራ እናት ግን «በጥር?» ብለው ሳቁ። ጥር ደረቅ ነው፤ ያኔ የተሰጠ ችግኝ ሐምሌ ሳይደርስ ይሞታል፤ ውኃ ልታጠጣው የምትባለውም ያችው ውኃ የምትቀዳ ሴት ናት። ሐሳቡ ለክረምት ተቀመጠ።

ከአባላችን ጋር የተስማማነው በመጨረሻ እንዲህ ሆነ። ሦስት መቶው ካርድ ወደ 40 ወረደ። ፕላስቲክም ሪባንም የሌለው፣ በአንድ በኩል ብቻ የታተመ ቀላል ወረቀት ነው፤ ስሙን ሙሽራዋ በእጇ ጻፈችው። አንድ ግቢ አንድ ካርድ፤ ለአማት፣ ለክርስትና አባትና እናት፣ ለሽማግሌዎቹ። ለጓደኞቿና ለመሥሪያ ቤት ሰው በቴሌግራም ተላከ፤ የሰፈሩ ሰው በዕድር ስብሰባ ተጠራ። ደባርቅ ላሉት አክስት ደግሞ የሙሽራዋ ወንድም መንገዱ ሰላም የሆነበትን ቀን ጠብቆ በማለዳው አውቶብስ ሄደ። የትራንስፖርቱ ወጪ ከካርዱ ያዳነውን ገንዘብ ሲሶ ያህል በላው፤ መዝገባችን ላይ ስላለ አንሸሽገውም። የቀረው ከብድሩ ላይ ተቀነሰላት።

ልጁ እንደነገረን፣ ደጃቸው ደርሶ «ቤቶች!» ሲል አክስቱ ከውስጥ ወጥተው አቀፉት። ጠላ ቀመሰ፣ ስለ ገብሱ ጠየቀ፣ ከዚያ ተነሥቶ ቆሞ መልእክቱን ተናገረ። እርሳቸው ጨርሰው ሰሙትና መረቁት። ቀጥለውም እጃቸውን ዘረጉ፤ «ቃሉን ሰማሁ ልጄ፤ ወረቀቱንስ አላመጣህልኝም እንዴ? ለሣጥኔ ነው።» ከኪሱ አውጥቶ ሰጣቸው።

ያሰባሰብናቸው ካርዶች በጽሕፈት ቤታችን በካርቶን ተቀምጠዋል። ከ1960ዎቹ በፊት የታተመ ወይም በእጅ የተጻፈ የሠርግ ጥሪ፣ እንዲሁም የድሮ የሠርግ ስጦታ ደብተር ያላችሁ አባላት ብታመጡልን ፎቶ አንሥተን በዕለቱ እንመልስላችኋለን።